ጠመንጃው የሚወደው ስላግ

አጋዘን ላድን ብዬ የተነሳሁት በንዴት ነው። አስፐን ሂል ባለው ቤታችን ጓሮ ሁለት ሰመር ሙሉ ጎመን ተከልኩ፤ ሁለቱንም ሰመር አጋዘኖች በሉት። መጀመሪያ ለጋ ለጋ ቅጠሉን፣ ቀጥለው ግንዱን፣ ከዚያ ባለቤቴ በባልዲ ያሳደገችውን ቃሪያ ከነአበባው። ያልነኩት ጤና አዳሙን ብቻ ነው፤ እሱን አሽተት አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። አጥር አጠርኩ፤ ዘለሉት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ሳሙና አንጠልጥል፣ ሽታውን አይወዱም” ሲለኝ በየጥጉ ሳሙና አንጠለጠልኩ። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ብመለከት አንዷ ጎመኑን ጨርሳ ሳሙናውን ትልሳለች። አየችኝ። አልሸሸችም። ምግብ የዘገየበት እንግዳ አስተናጋጁን እንደሚያይ አየችኝ።

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መነጽር ቤት ነው። ፍሬም አስመርጣለሁ፣ ልክ እወስዳለሁ፣ የላላውን ብሎን አጠብቃለሁ። ከደንበኞቻችን አንዱ ከጌይተርስበርግ ወዲያ ማዶ አኩሪ አተርና በቆሎ የሚያርስ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። አንድ ቀን መነጽሩን ሳስተካክልለት ስለ ጎመኔ ነገርኩት። ሰውየው ከልቡ አዘነልኝ።

“ያንተዎቹ ስንት ናቸው?” አለኝ።

“አምስት።”

“የእኔ ሠላሳ ናቸው። ምሽት ላይ ተሰልፈው ነው የሚመጡት። የአደን ወቅቱ ሲከፈት ለምን እኔ ጋ አትመጣም? ጠመንጃ አለህ?”

እኔ ጠመንጃ የለኝም። ግን ያለው ሰው አውቃለሁ።

የባለቤቴ አጎት አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ያሉ፣ ከረባት የማይለያቸው፣ እንግሊዝኛቸውን እያንዳንዱን ፊደል ሳይዘሉ የሚናገሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። በረሃ ውስጥ ድንኳን ተክለው ወራት ሲቀመጡ የካምፑን ሥጋ ያመጡ የነበሩት እሳቸው እንደሆኑ በየግብዣው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በአንድ ጥይት አንድ ድኩላ። ታዲያ ድኩላው በየግብዣው ይርቃል። እኛ ስንጋባ መቶ እርምጃ ላይ ነበር፤ ልጃችን ክርስትና ስትነሳ መቶ ሃምሳ ደረሰ፤ ባለፈው ፋሲካ ሁለት መቶን አልፎ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩት አንድ ትልቅ የአፓርታማ ሕንፃ በመጠገን ነው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሞቃት አገር ሲሄድ ሾትገኑን በስጦታ ትቶላቸዋል። ጋሼ በብረት ሳጥን ቆልፈው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። በየወሩ ያወጡታል፣ በዘይት ይወለውሉታል፣ መልሰው ይቆልፉበታል። ተኩሰውበት አያውቁም።

ደወልኩላቸው። “ጋሼ፣ ያ ጠመንጃዎ አለ?”

በቀስታ፣ “ምን ሆነሃል? ከሚስትህ ጋር ተጣላችሁ?”

“ኧረ ከአጋዘን ጋር ነው የተጣላሁት።”

በስልኩ ውስጥ የቁምሳጥን በር ሲከፈት ሰማሁ። “መቼ ነው?” አሉ።

ችግሩ ያለው “መቼ” ላይ ነበር። አደኑ የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ያን ጊዜ ገብቷል። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ነገርን ከሥሩ ነው የምትጠይቀው።

“በጾም ሥጋ ተሸክመህ ልትመጣብኝ ነው?”

“ፍሪዘር አለ።”

“ፍሪዘሩ የእኔ ነው።” ትንሽ አሰበችና፣ “ደግሞስ በጥይት የተገደለ ይበላል እንዴ?” አለች።

ጋሼ ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። አባ መጀመሪያ ሳቁ አሉ። ቀጥለው ዋላ መጽሐፍ ከፈቀዳቸው እንስሳት እንደሆነ፣ ነገር ግን ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን በስመ አብ ብለን ልናርደው እንደሚገባ፣ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሞቶ ካገኘነው ግን እንድንተወው ነገሯቸው። ጋሼ ይህን ለእኔ ሲያስተላልፉ ድምፃቸው የመንፈሳዊ ጉባኤ ድምፅ ነበር። “ስለዚህ ጥይቱ ልክ መሄድ አለበት። ዝም ብሎ መምታት አይደለም፤ እዚያው የሚጥል መሆን አለበት።” ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥይት ምርጫ ለእኛ የነፍስም ጉዳይ ሆነ።

ገበሬው እንዳስረዳኝ በዚህ ካውንቲ አጋዘን በራይፍል አይታደንም፤ ቤት ስለሚበዛ ሩቅ የሚሄድ ጥይት ያሰጋል። የሚፈቀደው ሾትገን በስላግ ነው። ሾትገን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ምስር ፍሬ የሚበተነውን እርሳስ ነው። ስላግ ግን አይበተንም። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል አንድ ድፍን እርሳስ ነው፤ ከመታ ይጥላል፤ ከሳተ ደግሞ ምንም ረዳት የለውም።

ሁለታችንም የአዳኝነት ኮርሱን ወሰድን። ጋሼ ከእኔ የተሻለ ማርክ አመጡ፤ ለሳምንት ያህል ከ“ደህና ዋልክ” በፊት ማርኬን ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ ላይሰንሳችንን አውጥተን አሌክሳንድሪያ አካባቢ ወዳለ የአደን ዕቃ መደብር ሄድን።

መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ ጥይት ነው። ሻጩ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነበር። “በርሜሉ ልሙጥ ነው ወይስ ውስጡ ቦይ አለው?” ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማቸው። “ንጹሕ ነው” አሉት። “በየወሩ እወለውለዋለሁ።”

“አይ፣ ማለቴ ውስጡ—”

“ንጹሕ ነው አልኩህ።” ዓይናቸው አንድ ወርቃማ ሳጥን ላይ አርፏል። ሳጥኑ ላይ ቀንዱ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ አጋዘን ተስሏል፤ ጀርባው ላይ ፀሐይ ትወጣለች። “ይኼ ነው” አሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው በሥዕልና በወርቅ ቀለም ተታሎ ፊቱን የማይመጥን ፍሬም ሲመርጥ የማይ ሰው ነኝ። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ሥዕሉ ለእኔም ስላማረኝ ዝም አልኩ።

የተኩስ ሜዳው ከከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተቆጣጣሪዋ ስልሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች አሜሪካዊት ናት። ፊሽካውን ስትነፋ ሁሉም ጠመንጃውን ያወርዳል፤ ጀኔራል ቢሆን ያወርዳል። ወረቀታችንን ሃምሳ ያርድ ላይ ሰቀልን፣ ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፍን። ጋሼ ከረባታቸውን ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው አምስት ተኮሱ። በየተኩሱ መካከል ትከሻቸውን ሲያሹ አየሁ፤ አላየሁም መሰልኩ።

ወረቀቱን ለማየት ሄድን። ሦስቱ ጥይቶች ወረቀቱን ጭራሽ አልነኩትም። ሁለቱ ነክተውታል፤ ነገር ግን ቀዳዳቸው ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ ነው፤ ጥይቱ በጎኑ ተኝቶ ያለፈ ይመስላል።

“ነፋስ ነው” አሉ ጋሼ።

ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ቀዳዳዎቹን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጣ በትንሽ ባትሪ በርሜሉን ውስጡን አበራች። ሳቀች፤ ግን የንቀት ሳቅ አልነበረም። “ይሄ ጥይት የተሠራው ውስጡ የተጠማዘዘ ቦይ ላለው በርሜል ነው። ቦዩ ነው የሚያሽከረክረው። ካልተሽከረከረ አየር ላይ ይገለባበጣል። የእናንተ በርሜል እንደ ውኃ ቧንቧ ልሙጥ ነው። ለልሙጥ በርሜል ጥይቱ ራሱ ላይ ቦይ ያለው ነው የሚሆነው።”

ጋሼ ይህን በዝግታ ፈተሹት። “ማለት… ቦይ ላለው በርሜል ልሙጥ ጥይት፤ ለልሙጥ በርሜል ቦይ ያለው ጥይት?”

“ልክ ነው።”

“እንግዲያው እንደ ጋብቻ ነው” አሉ። ሴትየዋ በዚህ በጣም ሳቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላ እኔን በስሜ ትጠራኛለች፣ እሳቸውን ግን “ጋሼ” ትላቸዋለች።

ስንሰናበታት አንድ ነገር ጨመረች። “ትክክለኛው ዓይነት መሆኑም አይበቃም። እያንዳንዱ በርሜል የራሱ አፍ አለው። በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ የሚወደውን ሌላው ይተፋዋል። ሦስት ዓይነት ግዙ፣ ወረቀት ላይ ተኩሱ፤ ጠመንጃው ራሱ ይነግራችኋል።”

በሁለተኛው ሙከራ ሦስት ሳጥን ይዘን ሄድን፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ግራጫ። ሥዕል የለባቸውም፤ ጋሼ ለዚህ ነው መሰለኝ ብዙም ሳይወዷቸው የገዙት። ከየሳጥኑ ሦስት ሦስት ተኮስን፣ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅን። የእሳቸው ጥይት ሁሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ቢጫውም፣ አረንጓዴውም፣ ግራጫውም። የእኔ ደግሞ ወደ ታች ነው፤ አንዱ መሬቱን ቆፍሮ አቧራ አስነሳ።

ጋሼ እንደ ዳኛ ፍርድ ሰጡ። “ቢጫው ሰካራም ነው። ግራጫው ፈሪ ነው። ይሄ አረንጓዴው ግን ግራ ዘመም ነው። እኔ በዘመኔ ስንት ግራ ዘመም አይቻለሁ፤ ሁሉም እንዲሁ ዒላማውን ስተው ነው የቀሩት።”

እኔም ጥይቱን ረገምኩ። ትከሻዬ በልዞ ነበር። ከባለቤቴ ደብቄ ሰነበትኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሸሚዝ ስቀይር አይታው፣ “ማን መታህ?” ብላ ጮኸች።

ግን የሜዳውን ጨዋታ አልጨረስኩም። እዚያው ሳለን ተቆጣጣሪዋ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ “እስቲ እኔ ላጉርስልህ” አለች። ጠመንጃውን ጎርሶ ተቀበልኳት። አነጣጠርኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ቀጭ አለ። አልተኮሰም። ባዶ ቀለህ ነበር ያጎረሰችው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬን ወደ ፊት ወርውሬ ነበር። ጠመንጃው ድምፅ ሳያሰማ እኔ ተንቀጠቀጥኩ። በሜዳው ሙሉ የነበረ ሰው አየኝ።

ጋሼ ጠረጴዛውን ይዘው ነው የሳቁት። “ጠመንጃው ሳይተኩስ አንተ ተኮስክ!” አሉ። እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላም ትዝ ብሏቸው መልሰው አወጡት።

ተቆጣጣሪዋ ወደ እሳቸው ዞረች። “ጋሼ፣ አሁን የእርስዎ ተራ ነው። እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው በጣቶችዎ ትንሽ መስኮት ይሥሩ። በመስኮቱ የእኔን አፍንጫ ይዩልኝ።” ሠሩ። ሴትየዋ ከፊታቸው ቆማ አየቻቸው። በመስኮቱ ውስጥ የሚታያት ግራ ዓይናቸው ነበር። ጠመንጃውን የሚይዙት ግን በቀኝ ትከሻቸው ነው፤ ጥይቱ ሁሉ ወደ ግራ የሚሄደው ለዚህ ነበር።

“አሁን ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑ። ምን ይታይዎታል?”

ጋሼ ሸፈኑ። “ጭጋግ ነው” አሉ። “ዛሬ ጭጋግ ነው።”

የነሐሴ ፀሐይ አናታችንን ትበላ ነበር።

ያኔ ያፈርኩትን እፍረት ልነግራችሁ አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት መነጽር ቤት ሠርቻለሁ። የማላውቀውን ሰው ገና በር ላይ ሲገባ አረማመዱን አይቼ፣ “ይሄ ሰውዬ ሩቅ አይታየውም” እላለሁ። የገዛ ሚስቴ አጎት ግን በየበዓሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከፋርማሲ በገዙት ማንበቢያ ጋዜጣውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያነቡ አይቼ ምንም አላልኩም። “ሱቅ ብቅ ይበሉ” ስላቸው “ዓይኔ የንስር ነው” ይሉኝ ነበር፤ እኔም በአንቱታ እተወው ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወደ መኪናው ስንሄድ ትዝ ያለኝ ነው፦ ያን ቀን ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው በሀይዌይ ያመጡኝ እሳቸው ነበሩ።

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉን እንዴት እንደምጠይቃቸው ቃል እየፈለግሁ ሳለሁ፣ ጋሼ ራሳቸው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። አላዩኝም። ሀይዌዩ ላይ ስንገባ፣ “እኔ እኮ ጥይቱ መስሎኝ ነበር” አሉ።

“እኔም ጋሼ።”

የቀረውን ባለቤቴ ጨረሰችው። ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለባቸው ለማሳመን አንድ ሰዓት ይፈጅባታል ብዬ ገምቼ ነበር። ስልኩን አንስታ፣ “ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት የዓይን አፖይንትመንት ይዤልዎታለሁ” አለቻቸው።

“ለምን?”

“ለአደኑ።”

ሰኞ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው በር ላይ ጠበቁን። የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ፤ ቀኝ ዓይናቸውን ከሸፈነው ቆይቷል። በመስከረም አጋማሽ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። መሸፈኛው የተነሳ ቀን እኔና ባለቤቴ አብረናቸው ነበርን። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ፊቴን ከላይ እስከ ታች መረመሩና፣ “አንተ፣ ይህን ያህል ሸብተሃል እንዴ?” አሉ። ቤታቸው ስንደርስ ሳሎን መካከል ቆመው፣ “ይሄን ግድግዳ ማን ነው ቡናማ የቀባብኝ?” ብለው ጠየቁ። ነጭ እንደሆነ፣ መታጠብ ብቻ እንደሚፈልግ ስንነግራቸው አላመኑንም። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሰባተኛ ፎቅ መስኮታቸው ላይ ቆመው የመኪና ታርጋ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰነበቱ። አንዳንዴ ሥራ ቦታ ኮል አድርገው ቁጥሩን ብቻ ነግረውኝ ይዘጉ ነበር።

ሐኪሙ መተኮስ እንደሚችሉ ከፈቀደ በኋላ በጥቅምት መጨረሻ ሦስተኛውን ሙከራ አደረግን። እኔም ሥራዬን ሠርቼ ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ እውነተኛውንና ባዶውን ቀለህ እያቀላቀለች አጉርሳኝ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ መሳብ እስክለምድ ድረስ ሁለት ቅዳሜ አሠልጥናኛለች። “አትሳበው፣ እንቁላል እንደያዝክ ቀስ ብለህ ጭመቀው” ትለኛለች። አሁን ትከሻዬ አይዘልም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይዘልም።

እነዚያኑ ሦስት ሳጥኖች ነው የወሰድነው። ቢጫው ሦስቱን ጥይት በአንድ የምግብ ሰሃን ውስጥ አሳረፈ። ደህና ነው፤ ግን አጋዘን ሰሃን አይደለችም። አረንጓዴው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሦስተኛውን የትም ወረወረው፤ ደገምነው፤ ያንኑ አደረገ። ግራጫው ላይ ስንደርስ ጋሼ ሦስቱን ተኩሰው ፊሽካውን ጠበቁ። ፊሽካው ተነፍቶ ወረቀቱ ጋ ስንደርስ ሦስቱም ቀዳዳ በአንድ ሲኒ አፍ ይሸፈናል። ሁለቱ እንዲያውም ተነካክተዋል።

እኔ ስሞክረው እንደ እሳቸው አልጠበበልኝም፤ ግን እዚያው አካባቢ ነበር። ሰካራሙም ፈሪውም እኛ እንደነበርን ገባኝ። ግን ያ ብቻ አልነበረም። እኛ ስንስተካከል የጥይቶቹ ልዩነት በግልጽ ታየ፤ ሴትየዋ እንዳለችው ጠመንጃው ራሱ ተናገረ። ርቀቱን ወደ ሰባ አምስት ያርድ ስናደርገው ግን ግራጫውም ተበረገደ፤ ቀዳዳዎቹ ተራራቁ። ጋሼ ከኪሳቸው ማስታወሻ አውጥተው፣ እንደ ድሮው ቀያሽ ርቀቱን ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። “ከስልሳ ያርድ በላይ አንተኩስም። ጨርሰናል።”

ወደ መደብሩ ተመልሰን ግራጫውን ገዛን። ጋሼ ጥይቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ የተሠራ ይሁን ብለው፣ ሁሉም ሳጥን ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት እንዲሆን ፈለጉ፤ አንዱን ካንዱ እያስተያዩ መደርደሪያውን በተኑት። መነጽር ሳያደርጉ ነው ያነበቡት፤ ይህንንም ሻጩ ልብ እንዲል ፈልገዋል።

አደኑ የተከፈተ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በገበሬው እርሻ ዳር ባለች የእንጨት ማማ ላይ ነበርን። ሁለታችንም ሌሎች አዳኞች እንዲለዩን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰናል። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አንድ ሽኮኮ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲሮጥ የበሬ መንጋ የመጣ መሰለኝ። ጋሼ በዓይናቸው ብቻ ተቆጡኝ።

ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል አንዲት ሴት አጋዘን ከጫካው ወጣች። ወፍራም፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች።

“ጋሼ፣ አሁን” አልኩ በሹክሹክታ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሰማንያ ነው።”

ቀረበች። “አሁንስ?”

“ከኋላዋ መንገዱ አለ።”

መላ ሕይወቴን የጠበቅሁ እስኪመስለኝ ቆየን። እሷ አልቸኮለችም፤ የቀረውን አኩሪ አተር እየለቀመች ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወረደች። አሁን ከጀርባዋ አፈር ብቻ ነው። ጎኗን ሰጠችን። ጋሼ በቀስታ፣ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ሲሉ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ታየኝ። ከዚያ ጠመንጃው ጮኸ።

ዘለለች፤ ሃያ እርምጃ ያህል ሮጠች፤ ጉልበቷ ከዳት። ጋሼ ጠመንጃውን አስተማማኝ አድርገው ለእኔ ሰጡኝና መሰላሉን ወረዱ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው እንደዚያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ስደርስባቸው ተንበርክከው ነበር፤ ገና ትተነፍሳለች። ባርከው አረዷት። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ።

“ቆንጆ ናት” አሉ።

ስለ ጎመኑ የነበረኝ ንዴት የት እንደገባ አላውቅም። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ፤ ሙቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት እንደ ሌባ የሰደብኳት እንስሳ አጠገቧ ሲቆሙ ሌላ ነገር ናት።

ገበሬው መጥቶ እንዴት እንደሚገፈፍ ሊያሳየን ቢላውን አወጣ። ጋሼ በትሕትና ተቀብለውት ቆዳውን አንድ ቦታ ሳይበሱ ገፈፉት። ገበሬው እጁን ኪሱ ከቶ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ለእኔ፣ “ሰውየው ምን ነበሩ?” አለኝ። “መንገድ ቀያሽ” አልኩት። መልሱ የጠቀመው አልመሰለኝም።

ባለቤቴ ፍሪዘሯን ከፍታ ስትጠብቀን አገኘናት። የታችኛውን መሳቢያ ለቅቃልናለች፤ ላዩ ላይ በወረቀት ፕላስተር “እስከ ገና አይነካም” ብላ ጽፋበታለች። አንድ ቀን ለልጃችን ወተት ላመጣ ብዬ ወደ ፍሪጁ ጠጋ ብል እንኳ ከሌላ ክፍል፣ “ምን ፈልገህ ነው?” ትለኝ ነበር።

ገናን አሌክሳንድሪያ ጋሼ ቤት አከበርን። ጥብሱን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ወጥ ቤት እንዲገባ አልፈቀዱም። ሥጋው ጮማ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል ብለው በቅቤ ላይ ቅቤ፣ በዚያ ላይ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ ጨመሩበት። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ አኘከች። ሁላችንም አየናት።

“በሬ አይደለም” አለች።

“በሬ ነው ያለ የለም” አሉ ጋሼ።

“በግም አይደለም።” እጇን ወደ ትሪው መለሰች። “ማን ነው ያን ትልቁን የወሰደው?”

ማታ ወደ አስፐን ሂል ስንመለስ የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ባለቤቴ መስኮቱን እያየች፣ “ያ የአዳኝነት ኮርስ ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?” ብላ ጠየቀችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። በመጋቢት ተመዘገበች። በሚያዝያ ተቆጣጣሪዋ ፊት ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ አጥፋ አድርጋ፣ ግራጫውን ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ወረቀቷን ጋሼ ነጥቀው ወሰዱትና አዲስ በተቀባው የሳሎን ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ከእኔ ወረቀት አንዱንም አልጠየቁኝም።